የመነጽር ልኬትና የዓይን ምርመራ ለየቅል ናቸው

ድሬዳዋ ውስጥ አንድን ሰው «ዓይንህን ተመርምረህ ታውቃለህ?» ብትሉት ከሁለት አንዱን ይመልስላችኋል። ወይ «እኔ ደህና ነው የማየው» ይላል፤ ወይ «አዎ፣ መነጽር ስገዛ ለክተውኛል» ይላል። ሁለቱም መልስ ከልብ ነው። የተጠየቀውን ግን አይመልሱም።

ዓይንን ለዘለቄታው ከሚያጠፉት በሽታዎች ብዙዎቹ ሲጀምሩ አያሙም። አያቀሉም፣ አያሳክኩም። ሰሌዳ ላይ ያለውን ፊደል ከማንበብም አያግዱም። ሰው የሚነቃው ዘግይቶ ነው፤ ያኔ ደግሞ የጠፋው ጠፍቷል። እነዚህን በሽታዎች ፈልጎ የሚያገኛቸው ምርመራ እንጂ ሕመም አይደለም።

መጀመሪያ ልኬቱን እንየው። መነጽር ቤት ስትገቡ አገጫችሁን አስደግፋችሁ ማሽን ውስጥ ታያላችሁ። ከረጅም መንገድ ጫፍ ላይ አንዲት ባሉን ትታያለች፤ ትደበዝዛለች፣ ከዚያ ትጠራለች። ማሽኑ የሚለካው ዓይናችሁ ብርሃንን እንዴት እንደሚሰበስብ ነው፤ ስንት ቁጥር መነጽር እንደሚበጃችሁ ይነግራል። በቃ። ቀጥሎ ፊደል ያስነብቧችኋል። የፊደል ሰሌዳው እ.ኤ.አ. በ1862 ስኔለን ከተባለ የኔዘርላንድ የዓይን ሐኪም የመጣ ነው። ካርዳችሁ ላይ «6/6» ከተጻፈ ጤነኛ ዓይን ከ6 ሜትር የሚያነበውን እናንተም ከ6 ሜትር አንብባችኋል ማለት ነው። «6/60» ከሆነ ጤነኛ ዓይን ከ60 ሜትር የሚለየውን እናንተ የለያችሁት 6 ሜትር ድረስ ተጠግታችሁ ነው።

ጠቃሚ ልኬት ነው፤ አላጣጥለውም። ግን ሰሌዳው የሚፈትነው የእይታን መሃል ብቻ ነው። ዳር ዳሩ ቢጠፋ ሰሌዳው አያውቅም።

ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ የሚገባው በዚህች ቀዳዳ ነው።

ዓይናችን ውስጥ ያለማቋረጥ የሚመነጭ ንጹሕ ፈሳሽ አለ። ከእንባ ጋር እንዳታምታቱት፤ እንባ ውጭ ነው፣ ይሄ ውስጥ ነው። የዓይንን የፊት ክፍል ይመግብና ጥቁሩና ነጩ በሚገናኙበት ጥግ ባለች ወንፊት መሰል መውጫ ይወጣል። መውጫዋ ስትደፈን መመንጨቱ አይቆምም። ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ይላል። ግፊቱ ከኋላ በኩል ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ይጎዳል። ይህ ነርቭ ከ1 ሚሊዮን በላይ ቀጫጭን ክሮች አሉት። አንድ ክር ከሞተ አይተካም። መጀመሪያ የሚሞቱት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የዳር እይታን የሚያደርሱት ናቸው፤ የመሃሉ እስከ መጨረሻው ይቆያል። ስለዚህ ሰውየው ጋዜጣ ያነባል፣ ብር ይቆጥራል፣ መርፌ ላይ ክር ያስገባል፤ ዓይኑ ግን እያለቀ ነው።

«ግፊቴ ደህና ነው፣ ጤና ጣቢያ ተለክቻለሁ» የሚል ሰው ስንቴ ገጥሞኛል። የተለካው ክንዱ ላይ ያለው የደም ግፊቱ ነው። የዓይን ግፊት ሌላ ነው፤ በሌላ መሣሪያ ይለካል። አብዛኛው ሰው ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ መካከል ይውላል። ቁጥሩም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። 21 ሳይሞላ ነርቫቸው የሚጎዳ ሰዎች አሉ። 24 ሆኖ ለዓመታት ምንም የማይሆኑም አሉ። ሐኪሙ ነርቩን ራሱን ማየት ያለበት ለዚህ ነው።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ የባጃጅ ሹፌር አለ። ከከዚራ ሳቢያን ሲመላለስ ዓመታት ያስቆጠረ ሰው ነው። የባጃጁ የግራ መስታወት ደህና ሆኖ አያውቅም። ከቆመ መኪና ጋር ይነካካል፣ ከሌላ ባጃጅ ጋር ይፋተጋል፤ ጥፋቱ ሁሌም የሌላው ነው። «አቦ፣ እናንተ ናችሁ መንገዱን ያጠበባችሁት!» ብሎ ተጨቃጭቆ ያልፋል። አንድ ቀን አሸዋ በሚባለው ሰፈር አካባቢ ነፋስ ተነሳና ቀኝ ዓይኑ ውስጥ አቧራ ገባ። ባጃጁን ዳር አቁሞ ቀኙን ጨፍኖ ሲያሽ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ማየት አቃተው። አቧራው ሁለቱም ዓይኑ ውስጥ የገባ መሰለው። በሃይላንድ ውኃ ታጠበ። ቀኙ ጠራ፣ ግራው እንደዚያው ሆኖ ቀረ። ሆስፒታል ሲሄድ ግላኮማ የሚባል ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማ። ግራው ከሄደ ቆይቷል። ቀኙም ተነክቷል።

«እንዴት ሳላውቅ?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱም ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ሁለቱ ዓይኖች የሚያዩት በአብዛኛው አንድ ቦታ ነው። አንዱ የሳተውን ሌላው ይሞላለታል። ሁለቱም የሳቱትን ደግሞ አንጎል ከአካባቢው ገምቶ ይደፍነዋል። ስለዚህ ግላኮማ ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ ጥቁር ነገር አያይም። ድንገት ሰው ከጎኑ ብቅ ሲልበት ይደነግጣል፣ ደረጃ ይስታል፣ በር ይገጫል። «አርጅቻለሁ» ብሎ ያልፈዋል።

ሕክምናው በአብዛኛው ጠብታ ነው፤ ሌዘርና ቀዶ ሕክምናም አለ። የትኛውም የጠፋውን አይመልስም። የቀረውን ግን ያቆያል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ጠብታውን ለአንድ ወር ያደርግና «ምንም አልተሻለኝም» ብሎ ይተወዋል። የሚሻል ነገር የለም እኮ። ባለበት ከቆመ መድኃኒቱ ሠርቷል ማለት ነው። በነገራችን ላይ አስም ያለባችሁ ቲሞሎል የሚባለው ጠብታ ሲታዘዝላችሁ ለሐኪሙ መንገር አለባችሁ፤ ዓይን ላይ የተደረገ ጠብታ ደም ውስጥ ገብቶ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል።

ግላኮማ በቤተሰብ ይሄዳል። እናት፣ አባት፣ ወንድም ወይም እህት ካላቸው የእናንተ ዕድል ከሌላው ሰው በጣም ከፍ ይላል። ዕድሜ ከ40 ሲያልፍም እንዲሁ። አፍሪካውያን ላይ ደግሞ ቀድሞ ይጀምራል፣ ይበረታልም። የሹፌሩ ታናሽ ወንድም «እኔ ምን ሆኜ» እያለ ነበር፤ እናታቸው ገፍተው ላኩት። እሱም ላይ ተገኘ፤ ግን ገና ከጅምሩ። አሁን ማታ ማታ አንድ ጠብታ ያደርጋል፤ ዙሪያውን ሁሉ ያያል። ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት ሰዎች፣ አንድ በሽታ። ልዩነቱ የተመረመሩበት ጊዜ ነው።

ግላኮማን ካነሳን ስለ ፋርማሲ ጠብታ ሳልናገር አላልፍም። ሙቀትና አቧራ ባለበት አገር የልጆች የዓይን አለርጂ ይበዛል። ልጁ ዓይኑን ሲያሽ ይውላል። ነጩ የዓይኑ ክፍል ወደ ቡናማ ያደላል። ሲጎትቱት የሚሳብ ፈሳሽ ይወጣዋል። እናት ፋርማሲ ሮጣ ጠብታ ትገዛለች። ጠብታው ውስጥ ዴክሳሜታዞን ወይም ሌላ ስቴሮይድ (መቅላትንና ማሳከክን ቶሎ የሚያበርድ የመድኃኒት ዓይነት) ካለበት ማሳከኩ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ያልፋል። ሰፈሩ ሁሉ ይመርቃታል። አለርጂው ሲመለስ ባዶውን ጠርሙስ ይዛ «እንደዚህ ያለውን ስጠኝ» ትላለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ወራት ያልፋሉ። ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ ሲደረግ የአንዳንድ ሰው የዓይን ግፊት ከፍ ይላል፤ ሞራም ያመጣል። ልጁ ግን ደስተኛ ነው፣ አያሳክከውም። መድኃኒቱ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ሐኪም አዞት ግፊት እየለካ ሲከታተለው ዓይን የሚያድን መድኃኒት ነው። ያለ ክትትል ሲደጋገም ነው ጉዱ። ቤታችሁ ያለውን ጠርሙስ አንሡና የመድኃኒቱን ስም አንብቡ፤ ዴክሳሜታዞን፣ ፕሬድኒሶሎን ወይም ቤታሜታዞን ካያችሁ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ዓይን ክፍል ሂዱ።

ወደ ስኳርና ደም ግፊት ልለፍ። ዓይን ውስጥ ከኋላ በኩል ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን፣ ሬቲና፣ አንድ ልዩ ነገር አለው፤ ምንም ሳይቀደድ የደም ሥርን በቀጥታ ማየት የሚቻልበት የሰውነት ክፍል ነው። ሐኪሙ በመሣሪያው ሲያይ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ማበጣቸውን፣ ማንጠባጠባቸውን፣ መጥበባቸውን ያያል። ስኳር ለዓመታት ሲቆይ እነዚህን ሥሮች ይጎዳል። ሲብስ አዳዲስ ደካማ ሥሮች ይበቅላሉ፤ እነሱ ሲፈነዱ ዓይን ውስጥ ደም ይፈስሳል። እስከዚያ ድረስ ግን በሽተኛው ደህና ሊያይ ይችላል። በጊዜ ከተገኘ በሌዘር ወይም ዓይን ውስጥ በሚሰጥ መርፌ ማቆም ይቻላል። (መርፌ ሲባል አትደንግጡ፤ በማደንዘዣ ነው።)

ስለዚህ በትልልቅ ሰዎች ላይ የሚታየው ዓይነት ስኳር ከሆነ ዓይኑን መታየት ያለበት ስኳሩ በታወቀበት ሰሞን ነው። ይህ ስኳር ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ዓመታት ቆይቶ ነውና የሚገኘው። በልጅነት የሚጀምረውና ከመነሻው ኢንሱሊን የሚፈልገው ዓይነት ከሆነ ደግሞ በ5 ዓመት ውስጥ ይጀመራል። ከዚያ በየዓመቱ። ስኳር ያለባት ሴት ስታረግዝ ቶሎ መታየት አለባት፤ እርግዝና የሬቲናውን ጉዳት ሊያፋጥን ይችላል።

የደም ግፊትም በሬቲና ላይ አሻራውን ይተዋል። ዓይኑን ሊታይ ሄዶ ግፊት እንዳለበት የሚነገረው ሰው ጥቂት አይደለም። እዚህ ላይ የድሬን ነገር መደበቅ አይቻልም፤ ጫት የደም ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል። ቃሙም አትቃሙም ለማለት አልመጣሁም። ግን የምርመራችሁ ቀን ከምርቃና ጋር አይግጠም፤ የሚለካው ቁጥር የእናንተ ይሁን የጫቱ አይለይም። እንደምትቅሙም ለሐኪሙ ንገሩት፤ ድሬ ውስጥ የሚሠራ ሐኪም አይገርመውም።

የቲቢ መድኃኒት የጀመራችሁም አንድ ነገር እወቁ። ኢታምቡቶል የሚባለው አልፎ አልፎ የዓይንን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ቀይ ቀለም ፈዞ ከታያችሁ ወይም ማንበብ ካቃታችሁ የሚቀጥለውን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ መድኃኒቱን በገዛ እጃችሁም አታቋርጡ፤ የዚያኑ ቀን መድኃኒቱን ወደሚሰጣችሁ ባለሙያ ሂዱ።

ሞራ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። በ1998 ዓ.ም አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት ጥናት ተደርጎ ነበር። ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ሁለቱም ዓይኑ እንደማያይ ተገኘ፤ ከእነሱም የግማሽ ያህሉ ምክንያት ሞራ ነበር። ትራኮማ ያስከተለው የዓይን ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ ግላኮማ 5.2 በመቶ ያህል ድርሻ ነበራቸው። ሞራ ማለት ዓይን ውስጥ ያለው ጥርት ያለ ሌንስ መደፍረሱ ነው። ይወጣል፣ በሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል፣ እይታው ይመለሳል። ስለዚህ ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ ቸር በሽታ ነው ማለት ይቻላል።

ችግሩ ሁሉንም ብዥታ ሞራ ማለታችን ነው። «ሞራ ነው፤ ዘመቻ ሲመጣ በነጻ ያወጡልኛል» ብለው የሚጠብቁ አባቶችና እናቶች ብዙ ናቸው። ዘመቻው መልካም ነገር ነው። ግን ያ ብዥታ ግላኮማ ከሆነስ? ዘመቻው በመጣ ቀን ሐኪሙ በባትሪ አይቶ «አባቴ፣ ይሄ በቀዶ ጥገና የሚመለስ አይደለም» ይላቸዋል። «ሞራው እስኪበስል ጠብቅ» የሚባለውም የዱሮ ነገር ነው። ዛሬ ሥራችሁን ካወከ መውጣት ይችላል፤ በጣም ሲጠጥር እንዲያውም ቀዶ ጥገናው ይከብዳል።

እሺ፣ ምርመራው ራሱ ምንድን ነው? መጀመሪያ ፊደሉ፣ በየተራ አንድ አንድ ዓይን። ቀጥሎ አገጫችሁን አስደግፋችሁ በደማቅ ቀጭን ብርሃንና በማጉያ የዓይናችሁን ፊት ያያሉ፤ ስሊት ላምፕ ይሉታል። ከነጩ ተነሥቶ ወደ ጥቁሩ የሚያድግ ሥጋ ካለ እዚህ ይታያል፤ ፀሐይና አቧራ ላይ የሚውል ሰው ላይ የተለመደ ነው። ከዚያ የሚያደነዝዝ ጠብታ አድርገው ግፊት ይለካሉ። አንዳንዱ ቦታ ቢጫ ቀለም ጨምረው በሰማያዊ መብራት ነው። አያምም።

ዋናው ክፍል ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ ነው። ትንሽ ይቆጠቁጣል። 20 ወይም 30 ደቂቃ ያህል አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጣላችሁ፤ ብሌናችሁ ይሰፋል፣ ስልካችሁ ላይ ያለው ጽሑፍ ይደበዝዛል። ያኔ ሐኪሙ ሬቲናውንና ነርቩን በደንብ ያያል። ውጤቱ ለጥቂት ሰዓታት ይቆያል። የድሬ የቀትር ፀሐይ ላይ በሰፋ ብሌን መውጣት ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። የፀሐይ መነጽር ወይም ባለ ጥላ ኮፍያ ያዙ፤ እናቶች ነጠላቸው ይበቃቸዋል። በጠዋት ሂዱ። ባጃጅ፣ ሞተርም ሆነ መኪና እየነዳችሁ አትመለሱ፤ ሰው ይሸኛችሁ።

በመንግሥት በኩል ብዙ ድሬዎች ከድል ጮራ ሆስፒታል ይጀምራሉ። ሐረር ደግሞ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ የሆነው ሕይወት ፋና ሆስፒታል አለ። የዓይን ሐኪም፣ እይታ የሚለካው የኦፕቶሜትሪ ባለሙያና የዓይን ነርስ ሥራቸው የተለያየ ነው። መነጽር ቤት ያለው ባለሙያም ቢሆን ጥርጣሬ ካደረበት ወደ ሐኪም ይልካችኋል። ላከኝ ብላችሁ አትቀየሙት። ደንበኛ ከሚያቆይ ደንበኛ የሚልክ ይሻላል።

መቼ መቼ ነው የሚባለው? ምንም ችግር የሌለበት ሰው ቢረፍድ ቢረፍድ 40 ዓመቱ ላይ አንድ ሙሉ ምርመራ ያድርግ። የቅርቡ ጽሑፍ መራቅ የሚጀምረውም በዚያ ዕድሜ ነው፤ የንባብ መነጽር ከመንገድ ገዝታችሁ ከመገላገል በዚያው ሰበብ ውስጡን ታዩ። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ የሚላችሁን ያህል፤ ብዙ ጊዜ በሁለትና በአራት ዓመት መካከል ነው። ከ65 በላይ በየአንድ ሁለት ዓመቱ። በቤተሰብ ግላኮማ ካለ 40ን መጠበቅ አያስፈልግም። ስኳር ካለ በየዓመቱ፣ ድርድር የለውም።

ልጆች ላይ ነገሩ ይፈጥናል። አንድ ዓይን በልጅነት ጥርት አድርጎ ካላየ አንጎል ያንን ዓይን መጠቀም ይተዋል። ከ7 ወይም 8 ዓመት በፊት ከተደረሰበት በመነጽርና ጥሩውን ዓይን ለሰዓታት በመሸፈን ማስተካከል ይቻላል። ከዚያ በኋላ ይከብዳል። ልጁ አይነግራችሁም፤ ዓለም ለሁሉም እንደዚያ የሚታይ ይመስለዋል። ሰሌዳው አልታይ ብሎት ከጓደኛው ደብተር የሚገለብጠውን ልጅ «ሰነፍ» ከማለታችሁ በፊት አስመርምሩት። በስልክ ፍላሽ ፎቶ ስታነሱት ደግሞ አንዱ ብሌን ቀይ ሆኖ ሌላው ደጋግሞ ነጭ ከሆነ ቀጠሮ አትፈልጉ፣ ይዛችሁት ሂዱ። የዓይን ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት የልጁን ሕይወት ማትረፍ ይቻላል።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ሌሎችም አሉ። እይታ በድንገት ሲጠፋ። ብልጭታና የሚዋኙ ጥቁር ነጠብጣቦች ድንገት በርክተው መጋረጃ የወረደ ሲመስል። ዓይን ቀልቶ፣ በኃይል አሞ፣ መብራት ዙሪያ ቀለበት እየታየ ሲያስመልስ። ኖራ፣ ሲሚንቶ ወይም በረኪና ዓይን ውስጥ ሲገባ ደግሞ ከመሮጥ በፊት ውኃ፤ ዓይንን ከፍቶ ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያህል በብዙ ንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ከዚያ ሆስፒታል። ወተት፣ ቅጠል፣ ምራቅ የለም።

ምርመራችሁን ጨርሳችሁ ከክፍሉ ሳትወጡ ሦስት ነገር ጠይቁ። የሁለቱ ዓይኖቼ ግፊት ስንት ነው? ነርቩና ሬቲናው ታየ ወይ፣ እንዴት ነበር? መቼ ልመለስ? መልሱን ካርዳችሁ ላይ አስጽፉና በስልክ ፎቶ አንሱት። በሚቀጥለው ጊዜ ሐኪሙ የሚያወዳድረው ከዚያ ቁጥር ጋር ነው፤ ካርድ ደግሞ ይጠፋል።